ማስመለስ ያልለቀቃት ልጄ፦ ወተትን አውጥቶ መልሶ መሞከር

ይህን የምጽፈው ልጁ ዓመት ከሞላው በኋላም ማስመለስ ላልተወው ወላጅ ነው። ጡት ላይ ያለ ሕፃን ሲያስመልስ «ይተዋል፣ ታገሡ» ይባላል፤ እውነትም ነው። ምግብ የሚወርድበትን ቱቦ ከጨጓራ አፍ ላይ የሚዘጋው ጡንቻ በሕፃናት ላይ ገና ስላልጠነከረ የጠቡት ተመልሶ ይመጣል። በ4ኛው ወር አካባቢ ይበረታል፤ ልጁ መቀመጥና ምግብ መልመድ ሲጀምር ይቀንሳል፤ አብዛኞቹንም ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይለቃቸዋል። የእኔ ልጅ ግን ዓመቷን ካከበርንላት በኋላ እየባሰባት ሄደ። «ታገሡ» የሚለው ምክር ለእኛ የማይሠራበት ጊዜ መጣ፤ በምትኩ ምን እናድርግ ለሚለው ጥያቄ መልስ ለማግኘት ግን ብዙ ደጅ ጠናን።

ሐኪም አይደለሁም። አዲስ አበባ ውስጥ የምኖር መምህርት ነኝ። የምናገረው በአንዲት ልጅ ላይ ያየሁትንና የሕፃናት ሐኪሟ ያስረዱኝን ነው። የእናንተ ልጅ ጉዳይ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ይህን አንብባችሁ ለሐኪም የምትጠይቁት ጥያቄ ካገኛችሁበት ይበቃኛል።

ዓመት እስኪሞላት ድረስ ብታስመልስም ደስተኛ ነበረች። አስመልሳ ትስቃለች፣ ወዲያው ልጥባ ትላለች፣ ክብደቷም በየጊዜው ይጨምራል። ዓመቷን ስትይዝ እንደ ብዙ ቤት ሁሉ እኛም ጠዋትና ማታ የላም ወተት መስጠት ጀመርን። ጡትም አላቆመችም ነበር። ከዚያ በኋላ ያየሁት ነገር ከቀድሞው ይለያል። ሁለት ሦስት ጉርሻ ከዋጠች በኋላ ጀርባዋን ወደ ኋላ ለጥጣ ታለቅሳለች። ሌሊት እየጮኸች ትነቃለች፣ ታቅፌ ቀጥ ሳደርጋት ትረጋጋለች፣ ሳስተኛት ደግሞ ይመለስባታል። ጠዋት ትንፋሿ ኮምጣጣ ይሸታል። ምንም ሳትበላ አንድ ነገር ደጋግማ ትውጣለች። ስትጋደም የሚብስ ደረቅ ሳል ያዛት። በጉልበቷና በክርኗ መታጠፊያ ላይ ችፌ ወጣ፤ ሰገራዋም ንፍጥ መሰል ነገር ይቀላቀልበት ጀመር። ከሁሉም የከበደኝ ምግብ መፍራቷ ነው። ሳህኑን ስታይ ፊቷን የምታዞር የዓመት ልጅ ማየት ለእናት ቀላል አይደለም።

ምክር የሚሰጠን ሰው አላጣንም። ጥርስ ነው ያለን አለ፤ ዓይን ነው፣ ምች ነው፣ ጨጓራ ነው ያሉንም ነበሩ። ጤና አዳም አፍልታችሁ አጠጧት የሚል ምክርም መጣ። እነዚህን በትሕትና ሰምተን አለፍናቸው። አንዱ ምክር ግን ዝም ብዬ የማልፈው አይደለም፤ «እንጥሏ ወርዶ ነው፣ አስቆርጧት» የሚለው። ልጅ ሲያስመልስና ምግብ እንቢ ሲል እንጥል ማስቆረጥ፣ ተቅማጥ ሲይዘው ደግሞ ገና ያልወጣ የወተት ጥርሱን ከድዱ ፈልፍሎ ማስነቀል በአገራችን እስከ ዛሬ ይደረጋል። እንጥል ማስመለስን አያመጣም። መቁረጡ ግን ብዙ ደም ያፈሳል፤ ባልጸዳ መሣሪያ ደግሞ ቴታነስን፣ የጉበት ቫይረስንና ኤችአይቪን ሊያስተላልፍ ይችላል። ድድ መፈልፈሉም ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። እባካችሁ ማንም ይምከራችሁ፣ በምንም ያህል ፍቅር ይምከራችሁ፣ ይህን አታድርጉ።

ምክሩን ያመጡት አማቴ ነበሩ። ልጄን ከዓይናቸው ብሌን ለይተው የማያዩ ሴት ናቸው። ክርክሩ ቤት ውስጥ እንዲያድግ ስላልፈለግሁ ወደ ሐኪም ስንሄድ «እማማ፣ እርስዎም አብረውን ይምጡ፤ የሚያሳስብዎትን ራስዎ ይንገሯቸው» አልኋቸው። መጡ። ሐኪሟ ባትሪ አብርተው የልጅቷን ጉሮሮ አሳዩአቸው፤ እንጥሏ ጤነኛ እንደሆነም በአክብሮት ነገሩአቸው። ከዚያ ቀን በኋላ የእንጥል ነገር እኛ ቤት አልተነሣም፤ እንዲያውም ለጎረቤት የሚያስረዱት እርሳቸው ሆኑ። ልጅ የሚያሳድገው ቤተሰቡ ሁሉ በሆነበት አገር አያትን ከምርመራው ክፍል ውጭ ማስቀረት የሚጠቅም አይመስለኝም። ኋላ ላይ ስለ ምግብ የተሰጠንን መመሪያ በቤታችን ያስከበሩትም እርሳቸው ናቸው።

ከመቀጠሌ በፊት፣ ሐኪሟ «እነዚህን ካያችሁ ቀጠሮ አትጠብቁ» ያሉኝን ልጻፍ። ትውከቱ አረንጓዴ ወይም ሐሞት የመሰለ ከሆነ፤ ደም ወይም የቡና አተላ የሚመስል ነገር ካለበት፤ በኃይል ተስፈንጥሮ የሚወጣና የማያቋርጥ ከሆነ፤ ሰገራው ላይ ደም ከታየ፤ ሆዱ ከተነፋና ከጠነከረ፤ ትኩሳት ካለው ወይም ከወትሮው በላይ ከደነዘዘ፤ የሕፃኑ እርግብግቢት ካበጠ ወይም ከጎደጎደ፤ ሽንቱ ከቀነሰና እንባው ከደረቀ በዚያው ቀን፣ በዚያው ሰዓት ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። ምግብ በቀመሰ በደቂቃዎች ውስጥ ወይም እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ከንፈሩ ወይም ዓይኑ ካበጠ፣ ገላው በሚያሳክክ እብጠት ከተሸፈነ፣ ትንፋሹ ሲር ሲር ካለ፣ ይህ ድንገተኛ አለርጂ ስለሆነ ሕይወት ላይ የሚመጣ አደጋ ነው። ከበላ ከ1 እስከ 4 ሰዓት በኋላ ደጋግሞ አስመልሶ የሚገረጣና የሚዝለፈለፍ ልጅም እንዲሁ በአስቸኳይ መታየት አለበት።

የእኛ ልጅ ከእነዚህ አንዱም አልነበረባትም። መጀመሪያ በሰፈራችን ጤና ጣቢያ ሰገራዋ ተመርምሮ ጃርዲያ ተገኘባት። ለዚህ ዕድሜ ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም፤ በውኃና ባልታጠበ እጅ ይተላለፋል። መድኃኒቱን ጨረሰች፣ ተቅማጡ ቆመ። ማስመለሱና የሌሊት ጩኸቱ ግን እንደነበሩ ቀሩ። «መድኃኒቱ አልሠራም» ብሎ መደምደም ቀላል ነበር፤ በኋላ እንደተረዳሁት ግን ሁለት ነገሮች አንድ ላይ ተደርበውባት ነበር። ጃርዲያ የአንጀትን ውስጠኛ ሽፋን ይጎዳል። በዚያ ሽፋን ላይ የወተትን ስኳር፣ ላክቶስን፣ የሚፈጨው ኢንዛይም ስለሚገኝ ልጁ ከሕመሙ ከዳነ በኋላም ለጥቂት ሳምንታት ወተት ላይስማማው ይችላል። ይህ ጊዜያዊ ነው፤ ሽፋኑ ሲያገግም አብሮ ይለቃል።

ስለዚህ ሐኪሟ ያነሡት የመጀመሪያው ጥያቄ «ወተቱ ያስቸገራት በስኳሩ ነው ወይስ በፕሮቲኑ?» የሚል ነበር። ልዩነቱን ማወቅ ለብዙ ቤተሰብ ይጠቅማል፤ ሰው ሁለቱን አንድ አድርጎ ስለሚያወራቸው። ላክቶስ የማይፈጭለት ልጅ ሆዱ ይነፋል፣ ያጉረመርማል፣ ውኃ የመሰለና የሚኮመጥጥ ተቅማጥ ይይዘዋል። እርጎ ከወተት ይሻለዋል፤ ሲረጋ የስኳሩ መጠን ይቀንሳልና። ችፌ ግን ከላክቶስ አይመጣም። የወተት ፕሮቲን የማይስማማው ልጅ ደግሞ እርጎም አይብም ያስቸግረዋል፤ ማስመለሱ፣ ንፍጥ ያለበት ሰገራ፣ ችፌና የሌሊት እረፍት ማጣት አብረው ሊመጡ ይችላሉ። ምልክቱ ከሰዓታት አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ ስለሚታይ ከምግቡ ጋር ማያያዝ ይከብዳል። በዓለም ላይ ከ100 ሕፃናት ከ2 እስከ 3 የሚሆኑትን ይነካል ይባላል። ባለቤቴ በልጅነቱ አስም እንደነበረበት ስናገር ሐኪሟ ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። በቤተሰብ ውስጥ አስም፣ ችፌ ወይም አለርጂ ካለ የልጁ ዕድል ከፍ ይላል።

የደም ምርመራ እንደሚያሳውቀን ተስፋ አድርጌ ነበር። ይህ የሚዘገየው ዓይነት ግን በተለመደው የአለርጂ የደም ምርመራ አይታይም፤ ምርመራው የሚጠቅመው ለድንገተኛው ዓይነት ነው። አይጂጂ የተባለውን በደም ውስጥ ያለ ፀረ እንግዳ አካል እየለኩ «እነዚህ ሁሉ ምግቦች አይስማሙህም» የሚል ረጅም ዝርዝር የሚሰጡ ምርመራዎች ደግሞ የአለርጂ ሐኪሞች የማይመክሯቸው ናቸው፤ አይጂጂ የሚነግረን ልጁ ያንን ምግብ መብላቱን ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ ዝርዝር ምክንያት እንቁላልም ስንዴም ዓሣም ተከልክሎ የከሳ ልጅ ታሪክ ሰምቼ አዝኛለሁ።

የአሲድ መቀነሻ መድኃኒትም ነበር። አንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ያለ ማዘዣ ሊሸጡልን ዝግጁ ነበሩ። ሐኪሟ ግን አስቀድመው ሌላውን እንሞክር አሉ። መድኃኒቱ የሚወጣውን ፈሳሽ አሲድ ይቀንሳል እንጂ መውጣቱን አያቆምም፤ የጨጓራ አሲድ ከጀርም የሚጠብቅ በመሆኑም ሲቀንስ የአንጀትና የሳንባ ኢንፌክሽን የመያዝ ዕድል ይጨምራል። የምግብ ቱቦው ቆስሎ ወይም ሕመሙ በርትቶ ሲያስፈልግ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ተሰጥቶ ውጤቱ ይታያል። ሐኪም ያዘዘላችሁን አቁሙ ማለቴ አይደለም፤ ለልጅ ከመደርደሪያ ገዝታችሁ አትስጡ ነው የምለው።

ከዚያ በፊት ግን የዕድገት መከታተያ ካርዷ ታየ። ክብደቷ አልቀነሰም፤ ወደ ላይ ይሄድ የነበረው መስመር ግን ተኝቷል። ይህ ነው ሐኪሟን ያሳሰባቸው። ካርዱን አትጣሉት፤ በየጊዜው አስመዝኑ። አንድ ቀን የተለካ ክብደት ብዙ አይናገርም፤ መስመሩ ግን ይናገራል።

የተሰጠን የቤት ሥራ ደብተር መያዝ ነበር። የበላችውን ከነሰዓቱ፣ በውስጡ ያለውን ሁሉ፣ ያስመለሰችበትን ሰዓት፣ ሰገራውን፣ ቆዳዋን፣ ሌሊቱን፣ የወሰደችውን መድኃኒት መጻፍ። እኔ ሥራ ስውል የምትጠብቃት እህት ከእኔ ይልቅ በጥንቃቄ ትጽፍ ነበር። «ሽሮ በላች» ብሎ መጻፍ ግን አይበቃም። ሽሮው በርበሬ አለው? ቅቤ ገብቶበታል? ቲማቲም አለው? ከምን እህል ነው የተፈጨው? ምጥኑ ውስጥ ገብስ፣ ስንዴ፣ አጃ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒ ሊኖር ይችላል፤ ታሽገው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ የወተት ዱቄት አላቸው። ደብተሩ ሲሞላ ሁለት መልክ ያለው ነገር ወጣ። በርበሬ፣ ቲማቲምና ብርቱካን ወዲያው፣ ገና ሳህኑ ሳይነሣ ያስለቅሷት ነበር፤ ጥቂቱ ብዙም አያስቸግራት፣ ሲበዛ ነው። ወተት፣ እርጎና አይብ ግን ሌሊቱንና ማግስቱን ነበር የሚያበላሹት፤ ትንሹም ትልቁም ያው ነው። የመጀመሪያዎቹ የተቆጣን ጉሮሮ የሚያቃጥሉ ናቸው፤ ሁለተኛው ሰውነቷ የማይቀበለው።

ከዚያ ወተትን ለተወሰነ ጊዜ ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነበር፤ የሚመከረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ነው። ጡት ስለምትጠባና የምበላው የወተት ፕሮቲን በጡቴ በኩል ሊደርሳት ስለሚችል እኔም አብሬ መተው ነበረብኝ። እዚህ ላይ ኢትዮጵያዊ መሆን እንዴት እንደጠቀመኝ ልናገር። በሌላ አገር ያለች እናት ወተት፣ ቅቤና አይብ የሌለበት ምግብ ከየት አመጣለሁ ብላ ስትጨነቅ እኔ የጾም ማዕድ ይዤ ነበር። ምስር፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ አተር፣ የሱፍ ፍትፍት፣ የሰሊጥ፣ የተልባ፣ ቡላ በዘይት፣ የጤፍ ገንፎ። በየዳቦ ቤቱ የጾም ዳቦና የጾም ኬክ ይሸጣል። አማቴ መጀመሪያ ደንግጠው «ልጄ፣ ከሰባት ዓመት በታች እኮ ጾም የለም፤ የምታጠባም አትጾምም» አሉኝ። «እማማ፣ ጾም አይደለም፤ ሥጋና እንቁላል ትበላለች፣ ወተቱ ብቻ ነው የቀረው» ብዬ አስረዳኋቸው። አብዛኞቹ የወተት ፕሮቲን የማይስማማቸው ልጆች የበሬ ሥጋ ይስማማቸዋል። ስለዚህ ከማዕዷ የወጣው አንድ ነገር ብቻ እንዲሆን ተጠነቀቅን።

«የጾም ነው» የሚለው ቃል ግን ሁልጊዜ አይበቃም። የታሸገ ብስኩት፣ ማርጋሪን፣ ቸኮላት፣ አንዳንድ ዳቦ የወተት ዱቄት ይኖራቸዋል፤ ማሸጊያው ላይ ኬዝን ወይም ዌይ የሚል ከተጻፈ ያ ወተት ነው። የጾም ኬኩም ወተት በነካው ዕቃ ላይ ሊጋገር ይችላል፤ ለድንገተኛው አለርጂ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው። ንጥር ቅቤ ቢነጠርም ጥቂት ፕሮቲን ስለሚቀርበት በሙከራው ጊዜ እሱንም ተውን። ለአበሻ ቤት ከባዱ ይህ ይመስለኛል፤ ዘመድ ጋ ስንሄድ ምግቧን ይዘን ነበር የምንሄደው። «የፍየል ወተት መድኃኒት ነው» ያሉንም ብዙ ነበሩ። የፍየል ወተት ፕሮቲን ከላም ወተት ጋር በጣም ስለሚመሳሰል አንዱ ያልተስማማው ልጅ ሌላውም በአብዛኛው አይስማማውም።

ወተት ሲወጣ የሚተካው ነገር መታሰብ አለበት። በአሜሪካ መመሪያ ከ1 እስከ 3 ዓመት ያለ ልጅ በቀን 700 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል። 100 ግራም የጤፍ ዱቄት ወደ 180 ሚሊ ግራም ገደማ ይይዛል፤ ጎመንና ከነልጣጩ የተፈጨ ሰሊጥም ጥሩ ምንጮች ናቸው። ግን ትንሽ ልጅ በእነዚህ ብቻ መጠኑን መሙላት ይከብዳታልና ሐኪሟ ለእሷም ለእኔም ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አዘዙልን። ቅባትም እንዳያንሳት በየምግቡ ላይ ዘይት፣ በየቀኑ አቮካዶ። ሰሊጥ ራሱ አለርጂ ሊያመጣ ስለሚችል በጥቂቱ ነበር የጀመርነው። ፍሬውን እንዳለ ለትንሽ ልጅ መስጠት ያንቃል፤ ሁሉም ተወቅጦ ወይም ተፈጭቶ ነው።

ጎን ለጎን የአመጋገቧን ሥርዓት ቀየርን። ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። እራቷን ከቤተሰቡ ጋር ማታ 2 ሰዓት ላይ መብላቷ ቀርቶ 12 ሰዓት ላይ ለብቻዋ እንድትበላ አደረግን፤ እስክትተኛ ድረስ ሆዷ ጊዜ ያገኛል። ከበላች በኋላ መዝለል፣ መንተራስና መታሸት የለም። ሽሮዋ ነጭ ሽሮ፣ ወጧ አልጫ። ወገቧን የሚያጠብቅ ሱሪ ተወ። ዓመት ያልሞላው ሕፃን ያላችሁ ግን ያስመልሳል ብላችሁ በሆዱ አታስተኙት፤ ትራስም አታድርጉለት። በጀርባው፣ ጠፍጣፋ ላይ መተኛቱ ነው ደኅንነቱ። ማስገደድንም ተውን። እንቢ ስትል ሳህኑ ይነሣል፣ ማንም አይቆጣም፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደገና ይቀርባል። ሕመም ያስተማራትን ፍርሃት የሚያስረሳት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ከማስመለሱም በላይ ለመልቀቅ የዘገየው እሱ ነው።

ለውጡ በአንድ ሌሊት አልመጣም። መጀመሪያ የተስተካከለው እንቅልፏ ነው፤ ከዚያ ሰገራዋ፣ ከዚያ ማስመለሱ እየተራራቀ መጣ። ችፌው የመጨረሻው ነበር። ቤታችን ውስጥ ሌሊት ፀጥታ ሲሆን ሁላችንም ተሻለን።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚያቆመው፤ እኔም ለማቆም ፈልጌ ነበር። ልጄ ድናለች፣ ወተት ጠላቷ ነው፣ አለቀ። ሐኪሟ ግን አይሆንም አሉ። «እስካሁን የምናውቀው ወተት ሲወጣ እንደተሻላት ነው። ወተት ስለወጣ መሻሏን ግን አላወቅንም» አሉኝ። በዚያው ጊዜ ጃርዲያው ጠፍቷል፣ አንጀቷ አገግሟል፣ በርበሬው ቀርቷል፣ እሷም አድጋለች። ከእነዚህ የትኛው እንደረዳት የሚለየው ወተትን መልሶ በመስጠት ብቻ ነው። ይህን ያልሞከረ ቤተሰብ ልጁን ያለ በቂ ምክንያት ለዓመታት ከወተት ሊለየው ይችላል። ለዚህ ነው ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት፤ ማውጣቱን ሁሉም ይመክራል፣ መመለሱን የሚያነሣ ግን ጥቂት ነው።

መልሶ መሞከሩ የራሱ ደንብ አለው። ድንገተኛው ዓይነት አለርጂ ታይቶበት ለሚያውቅ ልጅ፣ ወይም ከሰዓታት በኋላ ለሚዝለፈለፍ ልጅ ቤት ውስጥ አይሞከርም፤ ሆስፒታል ውስጥ ነው። ለእኛ ቤት ውስጥ ተፈቀደልን። ጤነኛ በሆነችበት፣ ጉንፋንም ክትባትም በሌለበት፣ ሌላ አዲስ ምግብ ባልጀመረችበት ሳምንት፣ ጠዋት ላይ፣ በጣም ጥቂት ወተት ሰጥተን መጠኑን ቀስ በቀስ እያሳደግን ደብተሩን ያዝን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ሌሊቱ ተበላሸ፣ ሳሉ ተመለሰ፣ ክርኗ መታጠፊያ ላይ ቆዳዋ ቀላ። አቆምን፤ ምልክቶቹም ለቀቋት። አዘንኩ፤ ግን ያን ጊዜ በርግጥ አወቅን።

ሌሎቹንም ተጠርጣሪዎች አንድ በአንድ አየናቸው። ስንዴን እናውጣ ስል ሐኪሟ «ከማውጣትሽ በፊት የሴልያክ የደም ምርመራ ይደረግላት» አሉ፤ ሴልያክ በስንዴና በገብስ ውስጥ ባለው ግሉተን የተባለ ፕሮቲን ምክንያት አንጀት የሚጎዳበት በሽታ ነው፤ ስንዴና ገብስ ካቆመች በኋላ የሚደረግ ምርመራ በሽታው እያለ የለም ሊል ይችላል። ውጤቱ ደኅና ነበር፣ ዳቦዋን ቀጠለች። ይህን የምናገረው «እኛ እንጀራ በላተኞች ነን፣ ጤፍ ግሉተን የለውም» ብለው ለሚረጋጉም ጭምር ነው፤ ከገበያ የሚገዛ እንጀራ ገብስ ወይም ስንዴ ሊቀላቀልበት ስለሚችል ለሴልያክ ሕመምተኛ አስተማማኝ አይደለም። እንጀራው ስለሚኮመጥጥ ያስመልሳታል ያሉን ነበሩ፤ ደብተሩ ግን ይህን አላሳየም። ሽሮም ያስጨነቃት በበርበሬው ነበር። እንቁላል አንድም ቀን አላስቸገራትም። እንዲህ እያለ መጀመሪያ ረጅም የነበረው የጥርጣሬ ዝርዝር ወደ ወተት ብቻ ወረደ፤ እሷም የምትበላው ነገር በዛላት። በካርዷ ላይ ተኝቶ የነበረው መስመርም ቀና ማለት ጀመረ።

አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። አብዛኞቹ እንዲህ ያሉ ልጆች ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ወተት መቀበል ይጀምራሉ። ስድስት ወር ያህል ካረፍን በኋላ በሐኪሟ ምክር ደረጃ በደረጃ መውጣት ጀምረናል። ረጅም ጊዜ በሙቀት የተጋገረ ወተት ለሰውነት ይቀልላል፤ ስለዚህ ጥቂት ወተት ያለበት ብስኩት መጀመሪያ መጣ፣ ቀጥሎ ወተት የገባበት ዳቦ፣ ቀጥሎ ንጥር ቅቤ በወጥ። አሁን አይብ ላይ ደርሰናል፤ አይብ አሬራው ተሞቆ ስለሚሠራ ከእርጎ በፊት እንዲመጣ ተመክረናል። በየደረጃው ሳንቸኩል እንቆያለን፤ ቆዳዋ ሲቀላ ወይም ሌሊቱ ሲናወጥ አንድ ደረጃ እንወርዳለን። እርጎና ትኩስ ወተት ገና ናቸው።

መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ ለመምህሯ አንድ ወረቀት ሰጠኋት። ምን እንደማትበላ፣ በስሕተት ብትበላ ምን እንደሚታይባት፣ ለማን እንደሚደወል፣ እንዲሁም የምትበላውን ሁሉ ጻፍኩበት፤ መምህሯ የተከለከለውን ብቻ ካየች ፈርታ ምንም ላትሰጣት ትችላለችና። በዚያ ዕድሜ ያሉ ልጆች ምሳ ዕቃ መለዋወጥ ስለሚወዱ መክሰሷን ከመምህሯ አጠገብ ተቀምጣ እንድትበላ ተስማማን። የሌሎች ልጆች ልደት ሲከበር የጾም ኬክ አስቀድመን እንልክላታለን። ባለፈው ሳምንት መምህሯ ደውላ ለክፍሉ ሁሉ የጾም ኬክ ሊያዝ እንደሆነ ነገረችኝ፤ በክፍሉ እንቁላል የማይስማማው ሌላ ልጅ መኖሩን እናቱ ስለነገረቻት፣ ኬኩ ለሁለቱም ይሆናል። የልጁን እናት ስልክ ተቀበልኩ፤ ደብተር አያያዙን ላሳያት ተቀጣጥረናል።